ብረት አማርኛ አያውቅም

ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ አንዳንድ ቦታ ድምፄ ከፍ ቢል ታገሱኝ። ነገሩ የደረሰው እዚሁ ካምፓላ ነው። ሰው ስላልሞተ «ታዲያ ምን ያንገበግብሻል?» የሚለኝ አይጠፋም። ከሞት ሌላ የሚያንገበግብ ነገር እንዳለ እኔም ያን ጊዜ ነው የተማርኩት።

ካምዎክያ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ለአበሻው ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ለጎረቤቶቼ ደግሞ ፖሾ ለሚሉት ገንፎ የሚሆን በቆሎ እፈጫለሁ። ባለቤቴ ደረጀ ከሞምባሳ ካምፓላ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ወገቡን ሲታመም ረጅም መንገድ ተወና ጋሼ ፍቃዱ ዘንድ ሥራ ያዘ። ጋሼ ፍቃዱ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ቤት ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ፤ የሰው አስከሬን አገር ቤት የሚላክ እንደሆነ ቀድመው ኪሳቸው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ይህን አልክድም፤ አንቱታዬንም አልነሳቸውም። ብናደድም በአንቱታ ነው የምናደደው።

እኚህ ሰው ከኮሎሎ የኤምባሲ ሰዎች ጋር ሲውሉ ስለ ሞተር አልባ አውሮፕላን ወሬ ሰሙና ልባቸው ተነሳ። ግላይደር ይሉታል። ሁለት ሰው ይይዛል፣ ክንፉ ረጅም ነው፣ አካሉ ቀላል። ሞተር ስለሌለው ከመሬት ሆኖ የሚጎትተው ይፈልጋል። ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ አንድ የመኪና ሞተር ይተከላል፤ ሞተሩ ትልቅ የብረት ታምቡር ያዞራል፤ ታምቡሩ ረጅም ገመድ ይጠቀልላል፤ የገመዱ ጫፍ ግላይደሩ ሆድ ላይ ይያያዛል። ገመዱ ሲጠቀለል ግላይደሩ ይንደረደርና ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ ፓይለቱ ገመዱን ይፈታና እንደ ጭልፊት ይንሳፈፋል። ጎታቹን ማሽን ዊንች ነው የሚሉት። ጋሼ ፍቃዱ በእንቴቤ መንገድ በኩል ከሐይቁ አጠገብ ሜዳ ተከራዩ፤ ደረጀን የዊንቹ ሾፌር አደረጉት። «ወንበር አለው፣ ፔዳል አለው፣ ፍሬን አለው፤ የጎደለው መንገድ ብቻ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ጋሼ ፍቃዱ ራሳቸው ግላይደሩ አጠገብ ራዲዮ ይዘው ይቆማሉ። ራዲዮ መያዝ ደስ ይላቸዋል። «ሳብ» ሲሉ ደረጀ ገመዱን ቀስ አድርጎ ይወጥራል፤ «ልቀቅ!» ሲሉ ነዳጅ ይሰጣል። ግላይደሩ ከልክ በላይ የፈጠነ ከመሰላቸውም «ልቀቅ! ልቀቅ!» ይላሉ፤ እግርህን አንሳ ማለታቸው ነው። ፓይለቱ ካፒቴን ኦኬሎ ዩጋንዳዊ ነው። «ሴቦ» ማለትም ጌታዬ፣ «ለዚህ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል አለ» ቢላቸው፣ «በሁለት አበሻ መሀል ምን እንግሊዝኛ አስገባው?» ብለው ሳቁበት።

«ልቀቅ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ውሃ ልቀቅ ሲባል ክፈት ነው። ዘፈን ልቀቅ ሲባል አጫውት ነው። እጄን ልቀቅ ሲባል ግን ተው ነው። ሾፌር ለሾፌር «ልቀቀው!» ካለው ደግሞ ብረር ማለቱ ነው። ያም ሆኖ ደረጀ ከድምፃቸውና ከጊዜው ይለየው ስለነበር አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ከዚያ አሮጌው ታምቡር ተሰነጠቀ። ጋሼ ፍቃዱ ብረት ሠሪዎቹ ሰፈር ካትዌ ወርደው አዲስ አስበየዱ። «የማይሰነጠቅ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» ስላሉ በወፍራም ብረት ተሠራ፤ ከመኪና ለማውረድ ወንዶች ተራዱበት። ደረጀ ሲሠራበት ሰንብቶ አንድ ምሽት እራት ላይ አጫወተኝ።

«ሰብልዬ፣ አዲሱ ታምቡር ጠባዩ ከፋ። መጀመሪያ አልነሳም ይላል፤ ብዙ ነዳጅ እሰጠዋለሁ። ከተነሳ በኋላ ደግሞ አልበርድም ይላል።»

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። ‹ደረጀ፣ ብረት ሲከብድ ይጠነክራል እንጂ ምን ይሆናል?› አሉኝ።»

ባሌ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው፤ ሁለተኛ አላነሳባቸውም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ይዤለት ሜዳው ሄድኩ። ጋሼ ፍቃዱ የኤምባሲ እንግዶቻቸውን ሸኝተው ደስ ብሏቸዋል። «ሰብለ፣ ያ ባልሽ የሰውን ሚስት ሁሉ ሰማይ ሲያወጣ የራሱን መሬት ላይ ያስቀራል?» አሉኝ። ሳቅን። እኔም ልቤ ከጅሎት ነበርና እሺ አልኩ። ከካፒቴን ኦኬሎ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። «ኛቦ፣ ቀበቶሽን አጥብቂ» አለኝ፤ እመቤት ሲል ነው በሉጋንዳ። ከሜዳው ማዶ ደረጀ ዊንቹ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ሆኖ ይታየኛል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ ያየኝ አይመስለኝም።

በራዲዮው «ሳብ!» ሲሉ ሰማሁ። ገመዱ ከሳሩ ላይ ተነሳ። «ልቀቅ!»

መጀመሪያ ግላይደሩ እንደ ሰነፍ በሬ ተጎተተ። ካፒቴኑ «ዛሬም ከባድ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ወዲያው አንድ ነገር ደረቴን የገፋኝ ያህል ወደ ኋላ ተጣበቅኩ። መሬቱ ከሥራችን ሸሸ፤ አፍንጫው ሽቅብ ሆነ፤ ከሰማይ በቀር የሚታየኝ ጠፋ። ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር።

ከዚያ የንፋሱ ድምፅ ተለወጠ። ያፏጭ የነበረው መጮህ ጀመረ። ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ «ፈጠነ፣ በጣም ፈጠነ» አለ። የግላይደሩን ጭራ ግራና ቀኝ ወዘወዘው፤ ለዊንቹ ሾፌር «ቀንስ» የሚል ምልክት ነው። ወዲያው የጋሼ ፍቃዱ ድምፅ ራዲዮውን ሞላው።

«ልቀቅ! ደረጀ ልቀቅ! ልቀቅ እኮ ነው የምልህ!»

መጎተቱ አልቀነሰም። ክንፎቹ ጫፋቸው ወደ ላይ ሲለመጥ በዓይኔ አየሁ። ካፒቴኑ ገመዱን ሊፈታ እጁን ሲሰድ ከሆዳችን ሥር እንደ ጥይት ጮኸ። ገመዱ ጫፍ ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብረት አለ፤ ውጥረቱ ሲበዛ ክንፉ ከሚሰበር እሱ ይበጠስ ተብሎ ነው። እሱ ነው የተበጠሰው።

ጸጥ አለ። የሚጎትተን የለም፣ አፍንጫችን ግን ገና ሰማይ እያየ ነው። ካፒቴኑ መሪውን ወደ ፊት ገፋው፤ ቀበቶው ባይይዘኝ ጣራውን በራሴ በመታሁት። ሰማዩ ሄዶ በምትኩ አረንጓዴው መጣ። «ማርያም!» ያልኩ ይመስለኛል። መሬቱን መታነው፣ ነጠርን፣ እንደገና መታነው፤ ሜዳው አልቆ የሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ገብተን ቆምን።

የካፒቴኑ እግር ተሰብሮ ነበር። እኔ የትከሻዬ አጥንት። ደንገሉን እየጣሰ መጀመሪያ የደረሰው ደረጀ ነው፤ በዚያ ወገቡ ከዊንቹ ሮጦ። ፊቱ አመድ መስሏል። አቅፎኝ የተናገረው ይህን ነበር፦

«አንስቼ ነበር። ሰብልዬ፣ እግሬን አንስቼ ነበር።»

ጥርጥር አልነበረበትም። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማንም አይነጥቀኝም።

ጋሼ ፍቃዱ ተከትለው ደረሱ። ካፒቴኑ ገና ከወንበሩ አልወጣም፣ ያቃስታል። እሳቸው ግን ወደ ደረጀ ዞረው፣ «ልቀቅ እያልኩህ ትረግጠዋለህ? ጆሮህ የት ሄደ? የገዛ ሚስትህን ልትገድል!» አሉት። ነገሩ እዚያች ደቂቃ ላይ ተወሰነ። ሐኪም ሳያይ፣ ማሽን ሳይፈተሽ፣ ሰው ሳይጠየቅ።

እኔ በቀጠሮ ሐኪም ቤት ስመላለስ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። «ደረጀ ልቀቅ ቢሉት ረገጠው አሉ።» በርበሬ ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች ያጽናኑኛል። «ምን ያድርግ፣ ሾፌር አይደል? ለሾፌር ልቀቅ ማለት ስጥ ማለት ነው» ይላሉ። ማጽናናታቸው መሆኑ ነው እንግዲህ! ከኋላዬ ደግሞ ሌላ ይላሉ፤ ባልና ሚስት ተጣልተው ነበር ወይ እስከማለት የደረሰ አለ። ደረጀ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። ሥራ ሲጠይቅ «ያ ነህ እንዴ?» ይሉታል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ሙየንጋ፣ የጋሼ ፍቃዱ በረንዳ ላይ። የከሳሽ በረንዳ ላይ! ከመካከላቸው ትልቁ የወሎው ሐጂ ጀማል ናቸው፤ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው፣ ከመናገር መስማት የሚቀናቸው። ያን ዕለት ምን ሲባል እንደዋለ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስለ አማርኛ ሲከራከሩ ዋሉ። አንዱ «‹ልቀቅ› እና ‹ልቀቀው› ይለያያሉ፤ ‹ው› ካለችበት ስጥ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ በኛ አገር ሁለቱም ተው ነው» ይላል። ከመሀል አንዱ ሳቅ ብሎ የዘፈን ምሳሌ ያመጣል። ሰው ሊሞት የነበረበትን ነገር የቋንቋ ትምህርት አደረጉት። «ታምቡሩስ? ደረጀ ነግሯቸው ነበር እኮ!» ብል፣ «ማሽኑ አዲስ ነው ልጄ» አሉኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። ባለ ገንዘቡን መጠየቅ ስለከበዳቸው ሾፌሩን ይደበድባሉ።

«እኔ ልመስክር፤ ውስጡ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አንቺ ተጎጂ ነሽ፣ ሚስቱም ነሽ፤ በየትኛውም በኩል አያስመሰክርሽም» አለኝ አንዱ።

ሌላው ወደ ደረጀ ዞሮ «ለምን ታዲያ ፍሬኑን አልያዝክም?» አለው።

«ገመዱ ላይ ሰው እያለ ፍሬን አይያዝም» አለ ደረጀ ቀስ ብሎ። «አፍንጫው ሽቅብ እንደሆነ ገመዱ ባንዴ ከላላ ይወድቃሉ።»

ያኔ ሐጂ ጀማል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ልጄ፣ ቃሉን ተወው። እኔ እግርህን ነው የምጠይቅህ። አነሳህ ወይስ ረገጥክ?»

ደረጀ መሬት መሬቱን አየ። «እንጃ ሐጂ። ያነሳሁ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ረገጥክ ሲለኝ ግን… አንስቼ ቢሆንማ መቆም ነበረበት።»

ከትከሻዬ የባሰ ያመመኝ ይሄ ነው። ሰውየውን በገዛ እግሩ አስጠረጠሩት። ዘመኑን ሙሉ ከባድ መኪና በተራራ ቁልቁለት ያወረደበት እግር ነው እኮ! ጋሼ ፍቃዱ «እንግዲህ ራሱ አመነ» ብለው ሰዉን ቃኙ፤ እኔ ተነስቼ ወጣሁ፤ ጥፋቱ የደረጀ ነው ተብሎ መፈረዱን ማታ ሰማሁ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ባንድ እጄ እሠራለሁ። አንዲት ጎረቤቴ በቆሎዋን አስፈጭታ ስትጨርስ ማብሪያውን አጠፋሁ። ከወፍጮው አፍ ላይ የቀረችውን ዱቄት ልትጠርግ እጇን ስትሰድ ጮኽኩባት።

«ጠፍቷል እኮ!» አለችኝ ደንግጣ።

«ጠፍቷል፣ ግን አልቆመም!»

ለስንቱ ደንበኛ እንደዚህ ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ያን ቀን ግን የራሴን ቃል ራሴ ሰማሁት። ትንሿ የበርበሬ ወፍጮ ስታጠፏት ወዲያው ትቆማለች። ትልቁ የበቆሎ ወፍጮ ግን መብራቱ ከተቆረጠ በኋላም ሲሽከረከር ይቆያል፤ ከባድ ነገር አንዴ ከዞረ በውስጡ ያጠራቀመውን ጉልበት ሳይጨርስ አይቆምም። አልነሳም ያለው ታምቡር፣ አልበርድም ያለው ታምቡር! ደረጀ እግሩን አንስቷል። ሲጎትተን የነበረው እግሩ ሳይሆን የብረቱ ክብደት ነው። በሩን ለጎረቤቴ ትቼላት ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይዤ ሐጂ ጀማል ሱቅ ሄድኩ።

ሐጂ እስክጨርስ አዳመጡኝና «ብረቱን ሳናይ ነው ለካ የፈረድነው» አሉ። ጋሼ ፍቃዱ ዘንድ ሲደውሉ ከዚያ ወገን ጩኸት ይሰማኛል። «ንብረቴን ማንም አይፈትሽም» ይላሉ። ሐጂ «እንግዲያው ፍርዱን አፍርሰን እንሄዳለን፤ ምክንያቱንም ለጠየቀ እንናገራለን» አሏቸው። ጩኸቱ በረደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ሜዳው ላይ ተገኘን፤ ሽማግሌዎቹ፣ ጋሼ ፍቃዱ፣ ካፒቴን ኦኬሎ በክራንቹ። ደረጀን ለምኜ ነው ያመጣሁት፤ ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ገመዱን ከታምቡሩ አስፈታን።

«ጋሼ ፍቃዱ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«እኔ?»

«እርስዎ። ራዲዮውን ሐጂ ይያዙ።»

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰዉ ሁሉ ያያቸዋል፤ ተቀመጡ። ሐጂ ወደ ራዲዮው «ልቀቅ» አሉ። ጋሼ ፍቃዱ ረገጡት። ሞተሩ ጮኸ፤ ታምቡሩ እያንገራገረ ተነሳ፤ ከዚያ እየፈጠነ እየፈጠነ ሄዶ ዙሪያው የማይለይ ሆነ።

«ልቀቅ!» አሉ ሐጂ፣ አሁን እጃቸውን እንደ ማቆም እያነሱ።

ጋሼ ፍቃዱ እግራቸውን አነሱ። ሁሉም እንዲያይላቸው ከፔዳሉ በላይ ከፍ አድርገው ያዙት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ታምቡሩ ግን መዞሩን ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታምቡሩ ይዞራል።

ሐጂ ራዲዮውን እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ፍቃዱ፣ ልቀቅ እኮ ነው የምልህ!»

«ለቅቄያለሁ!» ብለው ጮኹ ጋሼ ፍቃዱ፣ እግራቸው አየር ላይ እንዳለ።

«ታዲያ ለምን አይቆምም?»

«እኔ ምን ላድርገው? ብረቱ ነው እንጂ!»

ብለው ሲያበቁ ምን እንዳሉ ገባቸው። ማንም አልሳቀም። ካፒቴኑ አማርኛ ባያውቅም ነገሩ ገብቶት አንገቱን ነቀነቀ። ጋሼ ፍቃዱ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ሱሪያቸውን አራገፉ፤ ይቅርታ ይጠይቁ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ‹ልቀቅ› ማለት ይቅር» አሉ። «‹ተው› እንላለን። በዚህ እንስማማ።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያሳፍር ስለሆነ ሳይሆን ስለሚረዝም ነው። ያስቆሙኝ ሐጂ ናቸው። ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጋሼ ፍቃዱ ዞሩ፦

«ፍቃዱ፣ ብረት አማርኛ አያውቅም። ብረቱን ቀይር፤ ልጁንም ይቅርታ ጠይቅ።»

ጠየቁ። በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ስሙ በጠፋበት ቦታ፣ ሰው በተሰበሰበበት ካልተናገሩ አልለቅዎትም ስላልኳቸው ተናገሩ። «ጥፋቱ የታምቡሩ ነበር» አሉ። የታምቡሩ! ታምቡሩ ካትዌ ድረስ ራሱን ሄዶ አስበየደ ይመስል። ሰዉም አጨበጨበላቸው፤ ትሑት ናቸው ተባለላቸው። እኔም ከዚህ በላይ እንደማይወጣቸው ስላወቅሁ ተቀበልኩ። ታምቡሩ በቀላል ተቀየረ፤ ካፒቴኑ ድኖ ይበራል፤ ደረጀን «ተመለስ» ቢሉት አልተመለሰም፤ ዛሬ የወፍጮ ቤታችንን ጭነት በፒካፕ ያመላልሳል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሽምግልና የምትቀመጡ፣ ዕቁብ ላይ፣ ማኅበር ላይ የሰው ስም የምታነሱ፤ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ሠራተኛ አጠፋ ሲባል «ምን ተባለ? ማን ሰማ?» ከማለታችሁ በፊት ተነሱና የሠራበትን ዕቃ እዩ። በእጃችሁ ንኩት። ዕቃው የማን ነው ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይ አፉን ሳይሆን የቆመበትን ነው የማየው፤ ክፉ ሆነሻል ይሉኛል፤ ልሁን።

ይቅርታውን ሰምተን ስንመለስ ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። አላለቀም። ደረጀ ታምቡሩ ሲዞር በዓይኑ አይቷል፤ እውነቱን እንደ እኔ ያውቃል። ሆኖም አንዳንዴ ፒካፑን እየነዳ፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ቆይተን፣ ድንገት ወደ እኔ ሳይዞር ይጠይቀኛል።

«ሰብልዬ፣ አንስቼ ነበር አይደል?»

«አንስተህ ነበር» እለዋለሁ።

በጠየቀኝ ቁጥር እለዋለሁ። መጠየቁን ግን አልተወም።